አምስት የጃዝ ሸክላዎች በአንዲት እናት ምርጫ

ለመሆኑ ከእኛ ከእናቶች መካከል «ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂው ሙዚቃ የትኛው ነው?» ተብላ ብትጠየቅ ሳታመነታ የምትመልስ ስንት ትገኛለች? ባለቤቷ ምን እንደሚወድ ታውቃለች፤ የልጆቿንም ምርጫ ታውቃለች፤ ከጎረቤት በግድግዳ አልፎ የሚመጣውን ሳይቀር በቃሏ ይዛዋለች። ስለ ራሷ ስትጠየቅ ግን «እኔ እንኳ የተከፈተውን ሁሉ እሰማለሁ» ብላ ታልፈዋለች። ብዙ ሰዎች ይህን መልስ እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። በበኩሌ የጊዜ እጦት ነው ባይ ነኝ። መምረጥ ማለት አረፍ ብሎ ማዳመጥን፣ አንዱን ከሌላው ማነጻጸርን፣ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተውን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ማዕድ ቤት ለምትሮጥ ሴት በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ዛሬ ይህን ማንሣቴ ስለ ጃዝ ሙዚቃ ለመጨዋወት ነው። ጃዝ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በተለይም በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ተወልዶ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋ ሙዚቃ መሆኑ ይታወቃል። የዚህ ሙዚቃ አፍቃሪዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ይኸውም የምንጊዜም ምርጥ የሚሏቸውን አልበሞች ዝርዝር ማውጣት ነው። ከአንደኛ እስከ አሥረኛ፣ ሲብስም እስከ መቶኛ ይደረድራሉ፤ አንዱ ያወጣውን ሌላው ያፈርሳል፤ በዚህም ጓደኛሞች ይኳረፋሉ። ዝርዝሮቹን ደጋግሞ ያየ ሰው እንደሚያስተውለው ከላይ የሚቀመጡት ስሞች እምብዛም አይለዋወጡም። ከመካከላቸው ሴት ብትገኝም አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ አሳስባለሁ።)

እኔን ከዚህ ልማድ ውስጥ ያስገባኝ የቤት ለውጥ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወጣትነቱ ለትምህርት አሜሪካ ቆይቶ ሲመለስ ከሻንጣዎቹ ሁሉ የከበደው ሸክላ የተሞላው ነበር። እየቆየም ጨመረበትና ከሰባ በላይ ሆኑ። በቤታችን ሸክላ መርጦ መርፌውን ማሳረፍ የእርሱ ድርሻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳህን እያጠብኩ፣ ልጅ እያስተኛሁ፣ ልብስ እየተኮስኩ ስሰማ ኖርኩ። ቅሬታ አልነበረኝም፤ ማንኛችንም ልብ ሳንለው የተደላደለ የሥራ ክፍፍል ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየም ስዛወር ግን መደርደሪያው የሚቆምበት ግድግዳ አልተገኘም። ልጆቼ ተመካከሩና «እማዬ፣ አንቺ አምስቱን ምረጪ፤ የቀሩትን እኛ እንከፋፈላቸዋለን» አሉኝ።

ምርጫው ሁለት ወር ፈጀ። የፈጀበትም ምክንያት ሸክላዎቹ ብዙ ስለሆኑ አልነበረም። እያንዳንዱን ባነሣሁ ቁጥር «ይህን የምወደው እኔ ነኝ ወይስ እርሱ?» የሚል ጥያቄ ፊቴ እየተደቀነ ነው። አንዳንዱን ሙዚቃ የምወደው፣ እርሱ ሲሰማው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የወንበሩን እጀታ ሲመታ ማየት ስለምወድ ብቻ ነበር። ብቻዬን ተቀምጬ ስሰማው ምንም የለበትም። ሌላው ደግሞ እርሱ አንድ ሁለት ጊዜ አጫውቶ ወደ ጥግ የገፋው ሆኖ፣ ለእኔ እንደ አዲስ ውኃ ጥም የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዝርዝሩን ያወጣሁት በዚህ ዓይነት ወንፊት እየነፋሁ ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት ስለ ሸክላ ራሱ ትንሽ ልበል። በፊት የነበሩት ሸክላዎች ከእጅ ሲያመልጡ እንደ እንስራ የሚሰባበሩ ስለነበሩ ስሙ በእርግጥም ይስማማቸው ነበር። በአንድ ገጻቸው የሚይዙትም ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በ1948 የአሜሪካው ኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚሽከረከረውን ረጅሙን ሸክላ ባወጣ ጊዜ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ መያዝ ተቻለ። ሙዚቀኛውም አሳቡን ሳያቋርጥ የሚጫወትበት ሰፊ ጊዜ አገኘ። ለባለሙያዎች ይህ የሙዚቃ ታሪክ ነው፤ ለእኔ ግን የሰዓት መለኪያ ነበር። አንዱ ገጽ ሲያልቅ የእራቱ ዕቃ ታጥቦ ያልቃል፤ ሁለቱም ገጾች ሲያልቁ ቶናው ይቀዳል።

ከዚህም የተነሣ መጀመሪያ ልመርጣት ያሰብኳት ሴት አልበም ሳይኖራት ቀረች። ሊል ሃርዲን ትባላለች፤ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። በ1924 ሉዊ አርምስትሮንግን ያገባችው እርሱ ገና በንጉሥ ኦሊቨር ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ኮርኔት ነፊ ሳለ ነው። ከዚያ ባንድ ወጥቶ የራሱን መንገድ እንዲይዝ የወተወተችው እርሷ ናት። በ1925 ቺካጎ ውስጥ ሸክላ ማስቀረጽ በጀመረው «ሆት ፋይቭ» በተባለው ቡድኑም ፒያኖውን የምትመታው እርሷ ነበረች፤ ከዜማዎቹም አንዳንዶቹ የእርሷ ድርሰት ናቸው። በ1938 ተፋቱ። አርምስትሮንግ በሐምሌ 1971 ሞተ፤ በቀጣዩ ወር ቺካጎ ውስጥ ለመታሰቢያው በተዘጋጀ ትርዒት ላይ ሊል ፒያኖ እየተጫወተች ሳለ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። የዚያ ዘመን ሥራዎቻቸው የሦስት የሦስት ደቂቃ ሸክላዎች ናቸው፤ በአልበም የተሰበሰቡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ባትቆጠርም ስሟን ሳላነሣ ማለፍ አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ምርጫዬ። ያለ ምንም ማመንታት ያነሣሁት «ኤላ ኤንድ ሉዊ» የተሰኘውን፣ ኤላ ፊትዝጄራልድና ይኸው ሉዊ አርምስትሮንግ አብረው የዘፈኑበትን ሸክላ ነው። ነሐሴ 16 ቀን 1956 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ቀን ተቀርጾ ያለቀ ነው። የኤላ ድምፅ እንደ ተነጠረ ቅቤ የጠራ፣ የእርሱ ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሻከረ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን አይውጥም። ልጆቼ ሕፃናት ሳሉ እያለቀሱም ቢሆን ይህ ሲከፈት ዝም ይሉ ነበር። የሉዊን ጎርናና ድምፅ ለመምሰል ሲሞክሩ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይስቁ ነበር። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ጃዝ ማስለመድ ለምትፈልግ እናት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ኤላ እናቷን ያጣችው በ1932፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ረዳት ተንከራትታለች። በ1934 ሃርለም በሚገኘው አፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር ላይ የቀረበችው ልትጨፍር ነበር፤ ከእርሷ በፊት የወጡትን ጨፋሪዎች አይታ ዳንሱን ትታ ዘፈነችና አሸነፈች። ከዚህ ሸክላ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ባሱን የሚጫወተው ሬይ ብራውን የቀድሞ ባሏ ነው። አንድ ወንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወስደው ሲያሳድጉ ቆይተው በ1953 ተፋቱ። ሥራዋ ዓመቱን ሙሉ በጉዞ ላይ ስለሆነ ልጁን በብዛት ያሳደጉት አክስቷ ነበሩ። ከፍቺ ሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ስቱዲዮ ገብተው፣ እርሷ እየዘፈነች እርሱ ከሥሯ መሠረቱን ይዞላታል። ምንም የተኮሳተረ ነገር አይሰማበትም። ከተፋቱ በኋላ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እንኳ በሰላም ለመነጋገር የሚቸገሩ ስንቶች እንዳሉ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው በየዝርዝሩ ከላይ የሚቀመጠው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ነው። ሌሎች ስለመረጡት ብቻ ልተወው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። በ1959 መጋቢት 2 እና ሚያዝያ 22 በተባሉት ሁለት ቀኖች፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀረጸ። ማይልስ ለጓደኞቹ የሰጣቸው የተጻፈ ሙዚቃ ሳይሆን መነሻ አሳብ ብቻ ነበር። አብረውት ጆን ኮልትሬንና ካኖንቦል አደርሊ በሳክስፎን፣ ቢል ኢቫንስና በአንዱ ዜማ ላይ ዊንተን ኬሊ በፒያኖ፣ ፖል ቼምበርስ በባስ፣ ጂሚ ኮብ በድራም ተጫውተዋል።

ሊቃውንቱ የዚህን ሸክላ አዲስነት ሲያስረዱ፣ ሙዚቀኞቹ በየጊዜው የሚለዋወጥ የድምፅ ቅንብር ማሳደዱን ትተው በአንድ የድምፅ መሰላል ላይ ረግተው መቆየታቸውን ይጠቅሳሉ። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መሰላሉ የተለየ ቢሆንም፣ በአንድ ቅኝት ውስጥ እየተመላለሱ ስሜትን ቀስ በቀስ ማውጣት ከአዝማሪ ማሲንቆ የምናውቀው ነው። ባለቤቴ ይህን ሸክላ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ ግማሽ ሰዓት ይናገር ነበር። እኔ ግን ከማዕድ ቤት ሆኜ ያለ ማስረጃ ገብቶኛል።

ይህንም ስል ትምክህት እንዳይመስላችሁ፤ ማረጋገጫ አለኝ። አንድ ቀን ሴት ልጄ ይህንኑ አልበም ከስልኳ ከፍታ አሰማችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ዜማ ሲጀምር «ይህ ከእኛው ሸክላ ዝግ ያለ ነው፤ ድምፁም ወረድ ብሏል» አልኳት። «እማዬ ደግሞ፣ ያው ነው እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። ትንሽ ቆይታ ስታጣራ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። በመጋቢቱ ቀረጻ ላይ የቴፕ መቅረጫው ዝግ ብሎ ይሽከረከር ስለነበር፣ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ከእውነተኛው በመጠኑ ፈጥኖና ከፍ ብሎ ይሰማል። ስሕተቱ ታርሞ የወጣው በ1992 ነው። ባለቤቴ ያመጣው የቀድሞውን ነዋ! ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በሙዚቃ ጉዳይ እኔን ሳታማክር አትከራከርም። ሳህን እያጠቡ ማዳመጥም ማዳመጥ ነው።

ትልቁ ሙግት የተነሣው በሦስተኛው ላይ ነው። ወንድ ልጄ «‹ኤ ላቭ ሱፕሪም› የሌለበት ምርጫ የጃዝ ምርጫ አይባልም» ብሎ ተነሣ። እውነቱን ነው፤ ጆን ኮልትሬን ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ ከማኮይ ታይነር፣ ከጂሚ ጋሪሰንና ከኤልቪን ጆንስ ጋር በአንድ ቀን ያስቀረጸው ይህ ሥራ ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ በመጨረሻው ክፍል ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት ቃል ሳይናገር በሳክስፎኑ ያነበዋል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ በቤት ውስጥ ወሬ የተከለከለ ነበር።

ይሁንና የዚህን ሸክላ ታሪክ ባወቅሁ ጊዜ አሳቤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደብኝ። ኮልትሬን ሙዚቃውን ያዘጋጀው ከኒውዮርክ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዲክስ ሂልስ መኖሪያ ቤታቸው ነው። የኋላ ባለቤቱ አሊስ ስታስታውስ፣ ለቀናት ከፎቅ ሳይወርድ ቆይቶ፣ በወረደ ጊዜ እንደ ሙሴ ከተራራ የወረደ መስሎ እንደታያት ተናግራለች። ታሪኩን የሚያነቡ ሁሉ ፎቁን ይመለከታሉ። እኔ የማየው ምድር ቤቱን ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ነበር። ከእርሱም ሌላ አሊስ ከቀድሞ ትዳሯ የወለደቻት ትንሽ ልጅ አለች። እንግዲህ አንድ ሰው ለቀናት ከፎቅ እንዳይወርድ፣ ከታች ሌላ ሰው ጡት ማጥባት፣ ማስተኛት፣ በሩ ሲንኳኳ መክፈት፣ ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ወደ ላይ እንዳይሰማ ማባበል አለበት። ያቺ ሰው ደግሞ ተራ ሰው አይደለችም፤ ከዲትሮይት የመጣች፣ በራሷ ስም የምትታወቅ የፒያኖ ተጫዋች ነበረች።

ኮልትሬን ሐምሌ 17 ቀን 1967 በጉበት ካንሰር ሞተ። አርባ ዓመቱ ነበር። አሊስ ሠላሳ አልሞላትም፤ አራት ልጆች ቀርተውላታል፤ የመጨረሻው ገና ዓመት ያልሞላው ነው። ኮልትሬን በሕይወት ሳለ ያዘዘው ትልቅ ሃርፕ ነበር፤ የደረሰው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሃርፕ ማለት የእኛ በገና የሩቅ ዘመድ ነው ብንል ያስኬዳል፤ በገና አሥር አውታር ሲኖረው የዚያኛው ከአርባ በላይ ነው። አሊስ ያንን ሃርፕ ተለማመደችው። በመኖሪያ ቤታቸው ስቱዲዮ ነበር፤ ሥራዋንም ልጆቿንም እዚያው ይዛ ቆየች። በ1970 በዚያው ቤት አብዛኛውን ክፍል አስቀርጻ በ1971 የወጣው አልበሟ «ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከሕንዳዊው መንፈሳዊ መምህሯ ነው።

ይህ ሸክላ በእኛ ቤት ጥግ የተገፋው ነበር። ባለቤቴ «ጥሩ ነው፤ ግን ጆንን አይደርስበትም» ብሎ ነው ያስቀመጠው። ሲጀምር ባሱ አንድ አጭር ሐረግ ይይዝና ደጋግሞ ይመላለስበታል፤ እንደ እንዝርት ነው። የሕንዱ ታንፑራ እንደ ንብ ቀፎ ከሥር ያጉመተምታል። ከዚያ ሃርፑ እንደ ጠዋት ዝናብ ይወርድበታል። የፋሮአ ሳንደርስ ሳክስፎን ሲገባም ቦታውን ጠይቆ እንደሚገባ እንግዳ ነው። ለቅሶ የለበትም፤ ጩኸትም የለበትም። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ዓመት፣ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ሴት እንዴት ቆማ እንደምትሄድ ከዚህ የተሻለ የነገረኝ የለም። ይህን የምለው ከሸክላዎቹ መካከል ባለቤቴ ያልወደደውንና እኔ የወደድኩትን ለይቼ በእርግጠኝነት ያወቅሁት በዚህ ስለሆነም ጭምር ነው።

ከዚያ ቤት አንድ ሸክላ ብቻ ይዘሽ ውጪ ብባል የእርሷን እይዛለሁ። «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ለወንድ ልጄ ሰጠሁት፤ አኩርፎም ቢሆን ተቀበለ። ከአሊስ ልጆች አንዱ፣ ራቪ፣ አድጎ የታወቀ ሳክስፎን ተጫዋች መሆኑን ነግሬው ነበር፤ «እናቱ ናት ያሳደገችው» ብዬ ጨመርኩበት።

አራተኛው ከመደርደሪያው የለም። «አምስት ምረጪ» ሲሉኝ «ካለሽ ላይ» አላሉኝምና የሌለኝንም መረጥኩ። ሜሪ ሉ ዊልያምስ በ1964 ያወጣችው፣ «ብላክ ክራይስት ኦቭ ዚ አንዲስ» በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ሴት ልጄ ከስልኳ አውጥታ አሰማችኝ። ሜሪ ሉ በ1910 ተወልዳ ፒትስበርግ ያደገች ሴት ናት። ፒያኖ የጀመረችው ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላት በእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነው፤ እናቷ ትንሿን ኦርጋን ሲለማመዱ ሕፃኗን ከጭናቸው አያወርዱም ነበር። በአንዲ ኪርክ ባንድ ውስጥ ፒያኖ መጫወት ብቻ ሳይሆን ለባንዱ ሙዚቃ የምታቀናብረው እርሷ ነበረች። በ1940ዎቹ ሃርለም የነበረው አፓርታማዋ የወጣት ሙዚቀኞች ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቴሎኒየስ መንክ፣ በድ ፓወል፣ ዲዚ ጊሌስፒ ከሥራ በኋላ እየመጡ በፒያኖዋ ላይ አዲሱን ሙዚቃቸውን ይሞክሩ ነበር። ቤቷ የሚመጣውን የሰው ልጅ የምታስተናግድ ሴት ምን ያህል እንጀራ እንደሚያልቅባት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በ1954 ሙዚቃውን ትታ ወደ ጸሎት ገባች፤ በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ሙዚቀኞችን ለመርዳት ያገለገሉ ልብሶች መሸጫ ሱቅ ከፍታ ነበር። በ1957 ተመለሰች። ይህን አልበም ራሷ ባቋቋመችው አሳታሚ አማካይነት ስታወጣ የመጀመሪያውን ዜማ ያበረከተችው በ1962 የቅድስና ማዕረግ ለተሰጣቸው ለፔሩው ጥቁር መነኩሴ ለቅዱስ ማርቲን ዴ ፖሬስ ነው። መዘምራን ያለ አጃቢ በዝግታ ይጀምራሉ፤ ፒያኖዋ የምትገባው ዘግይታ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን ሳላጥፍ የምሰማው ይህን ነው።

ቤተ ክርስቲያንንና ፒያኖን ካነሣሁ፣ «እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እማሆይ በ1967 ያስቀረጹትን የመጀመሪያ ሸክላ ገቢ ለችግረኞች መርጃ ያዋሉ፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉ ታላቅ ሴት ናቸው። ሙዚቃቸውን ግን ጃዝ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። እርሳቸው የብቻቸው ክፍል ናቸው፤ ከሌላው ጋር አልደረድራቸውም።

አምስተኛው የአገራችን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ ያስቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ በእንግሊዝ አገርና በቦስተኑ በርክሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያጠና፣ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ያቋቋመ ሰው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኅዳር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብሮት ሠርቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለኤሊንግተን ኒሻን ሸልመውታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረበት የምሽት ሙዚቃ ተዳክሞ ቆየ፤ በሸክላም ምትክ ካሴት መጣ። ፈረንሳይ አገር የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ በ1998 አራተኛውን ቁጥር ለሙላቱ ሲሰጥ፣ በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ ሙዚቃውን በፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ ዓለም እንደ አዲስ ሰማው። ይህ የ1972 ሸክላም በ2017 ውጭ አገር እንደገና ታትሟል። ቀዳሚውን እትም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ እንደሚፈልጉት ልጆቼ ሲነግሩኝ ሸክላውን ከመደርደሪያው አንሥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

የመረጥኩት ግን ለዋጋው አይደለም። ከዜማዎቹ መካከል «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ። ይህን ዜማ ከእናቶቻችን፣ ከአክስቶቻችን፣ ከጎረቤቶቻችን አፍ እንጂ ከሸክላ የተማረው የለም። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ከበሮ እየተመታ፣ እጅ እየተጨበጨበ፣ ማን እንደደረሰው ሳይታወቅ ከሴት ወደ ሴት የተላለፈ ነው። ሙላቱ ከባዱን ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው። በአምስት ድምፅ የተሠራውን ቅኝታችንን አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የምዕራባውያን ቅንብር ጋር ሲያዋሕድ፣ ቅኝቱ ወዙን እንዳያጣ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ጨው ያነሰው ወጥ ላይ ውኃ መጨመር ቀላል ነውና። አልጨመረም። ይህን ሸክላ ስከፍት ሞግዚት ሆና ስታሳድገኝ የነበረችው አክስቴ በኒውዮርክ ሙዚቀኞች ታጅባ የምትዘፍን ይመስለኛል።

ከአምስቱ ውጭ ስለሆኑት በአጭሩ። የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» ለትልቁ ልጄ ደረሰ፤ አምስት አምስት እየተቆጠረ የሚሄደው ዜማ ደስ ይላል፤ ከአርባኛው ጊዜ በኋላ ግን ያደክማል። መንክ በ1957 ባለቤቱ ኔሊ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ የደረሰላት ዜማ ያለበት «መንክስ ሚውዚክ» ስድስተኛዬ ነበር። በኒውዮርክ የምሽት ቤቶች የመሥራት ፈቃዱን በ1951 ተነጥቆ ለዓመታት ሲቆይ ሠርታ ቤቱን የመገበችው ኔሊ ናት፤ አንድ ዜማ ሲያንስባት ነው።

ሸክላ ያላችሁ እናቶች አደራ፣ አቁማችሁ እንጂ ደራርባችሁ አታስቀምጡ፤ ይጎብጣል። ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ አርቁት፤ የዕጣን ጢስም በጭረቱ ውስጥ ይገባል። ስትጠርጉት ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ዙሪያውን እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አትሳቡት።

የመጨረሻው ክርክር ከሴት ልጄ ጋር ነበር። «ቢሊ ሆሊደይን እንዴት ትተያለሽ?» አለችኝ። «ሌዲ ኢን ሳቲን»ን ማለቷ ነው፤ ቢሊ በየካቲት 1958 በትልቅ የአውታር ኦርኬስትራ ታጅባ ያስቀረጸችውን። አርባ ሦስት ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ድምፁ ግን የሰባ ነው። ተሰነጣጥቋል፤ የቀረው ቃሉን አጥርቶ የመናገር ችሎታዋ ብቻ ነው፤ እርሱም ይበቃል። በቀጣዩ ዓመት በሐምሌ ወር ሞተች። ባለቤቴ በታመመባቸው ወራት ሌሊት ሌሊት ይህን ዝቅ አድርጎ ያጫውት ነበር። መጥፎ ሸክላ ስለሆነ አይደለም የማልሰማው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ይሆናል። ምረጪ የተባልኩት ግን የምወደውን ነው።

ልጄ ነገሩ ገባትና ሌላ አልተናገረችም። ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደችው። ማጫወቻ ግን የላትም፤ ያለችው አንዲቷ ማጫወቻ ከእኔ ዘንድ ናት። እንግዲህ መስማት ስትፈልግ ይዛው ትመጣለች፤ እኔም ያን ጊዜ ወደ ገበያ እወጣለሁ።